የድንበሩ ጥድ ዕድሜ

ይህ ነገር የገጠመኝ በጃንሆይ ዘመን፣ መንግሥታቸው ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ያኔ ያላገባሁ ኮረዳ ነበርኩ፤ ዛሬ የልጅ ልጆቼን ይዤ ዲላ እኖራለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም። በሕይወቴ ብዙ ክርክር አይቻለሁ፣ በብዙውም ገብቻለሁ። ዛፍ ለምስክርነት ሲቀርብ ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ቤታችን ጌዴኦ ውስጥ፣ ወርቃ የሚባል ቦታ ነበር። ከማሳችን ራስ ላይ አንድ ትልቅ ጥድ ቆሟል። የአካባቢው ባለርስት ግራዝማች፣ "ይህን ጥድ አባቴ እኔ በተወለድኩበት ዓመት ለድንበር የተከለው ነው፤ ከሱ በታች እስከ ወንዙ ያለው የኔ ነው" ብለው ተነሱ። ከጥዱ በታች ያለው ደግሞ ቡናችንና እንሰታችን በሙሉ ነው። እሱ ከተወሰደ ጎጇችንን ነቅለን ከመሰደድ በቀር ምርጫ አልነበረንም። አባቴ፣ "አያቴ እዚህ ሲሰፍር ጥዱን ቆሞ ነው ያገኘው" ይላል። ሁለቱም ያልነበሩበትን ነው የሚያወሩት።

ሽማግሌዎች ጉዳዩን ሊያዩ ከጥዱ ሥር በተሰበሰቡበት ቀን አንድ ፈረንጅ መጣ። ያረጁ ዛፎች እያፈላለገ አገር ላገር ይዞራል። አማርኛ ይሞክራል፤ ወንዱንም ሴቱንም ግን "አንቺ" ነው የሚለው። ከዛፍ ውስጥ የድሮ ዘመን ዝናብና ድርቅ እንደሚያነብ ነገረን። አንደኛው ሽማግሌ በጌዴኦኛ፣ "ጠንቋይ ነው እንዴ?" ሲሉ ሁሉም ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። "የዛፉን ዕድሜስ ታውቃለህ?" አልኩት።

"አዎ፣ መጀመሪያ እሱን ነው የማየው" አለኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ማን አናገረሽ?" አሉ ግራዝማች።

"እኔን ይተዉኝ ግራዝማች፤ ጥዱ ይናገር። አባትዎ ከተከሉት ምን ያስፈራዎታል?"

ግራዝማች ሽማግሌ ፊት እምቢ ማለት አፈሩ። "ይብሳው!" አሉ።

ፈረንጁ እጀታ ያለው ቀጭን መሰርሰሪያ ግንዱ ላይ ተክሎ በሁለት እጁ ያዞር ጀመር። ላቡ ጠብ ጠብ አለ። መጨረሻ ላይ ከውስጡ እርሳስ የመሰለ ረጅም እንጨት መዘዘ። ተጠግቼ አየሁት። ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመር በመስመር ነው፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ እንደ ክር የቀጠነ። ሰፊው ዛፉ ውሃ የጠገበበት፣ ቀጭኑ የተጠማበት ጊዜ ነው አለኝ። አንድ ቦታ ቀጫጭኖቹ ተጨናንቀው አየሁና፣ "ይሄስ?" አልኩት። "ክፉ ድርቅ" አለ። ያ የቀለደው ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አዩና፣ "እናቴ የምታወራልኝ ወንዙ የደረቀበት ጊዜ ይሆን?" አሉ። ከዚያ በኋላ በፈረንጁ ማንም አልሳቀም።

ፈረንጁ ቆጠረ። መቶ ሃያ ግድም ሆነ። ግራዝማች ገና ስልሳ ቢሆናቸው ነው። እልልታዬን አቀለጥኩት።

"ቆይ ቆይ" አለ ፈረንጁ። ወደ አባቴ ዞረና፣ "አባባ፣ አንቺ አገር ዝናብ በዓመት ስንት ጊዜ ይመጣል?" ሲል ጠየቀው።

አባቴ ምንም ሳያስብ፣ "ሁለቴ" አለ።

ፈረንጁ ፊቱ ተለወጠ። ዝናብ ሁለቴ መጥቶ በመካከሉ ከደረቀ፣ ዛፉ በዓመት ሁለት መስመር ሊያወጣ ይችላል አለ። መቶ ሃያው ስልሳ ሆነ ማለት ነው፤ ልክ የግራዝማች ዕድሜ! ግራዝማች ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ።

"አባባ፣ ምነው አንዴ ብትል?" ብዬ ጮህኩበት።

"እኔ ነኝ እንዴ የማዘንበው?" አለኝ።

ንዴቴ ሲበርድ ግን ጭንቅላቴ መሥራት ጀመረ። ወደ ፈረንጁ ዞርኩና፣ "በዓመት አንድ ይሁን ሁለት በምን ይታወቃል?" አልኩት። የተተከለበት ዓመት የሚታወቅ ጥድ ቢገኝ ይለያል አለ።

እንዲህ ያለ ጥድ ነበረን። እኛ ጋ ዛፍ የቆረጠ ሰው ምትኩን ይተክላል። እኔ በተወለድኩበት ዓመት አባቴ ለቤታችን ምሰሶ ጥድ ቆርጦ፣ በምትኩ ጓሯችን ውስጥ የጥድ ችግኝ ተክሏል። ያን ዓመት ግራዝማችም ያውቁታል፤ ያለ ፈቃዴ ቆረጥክ ብለው አባቴን ከሰውት ነበር። የመስመሩ ቁጥር የዕድሜዬን እጥፍ ከሆነ ማሳችን እንደሚሄድ ገብቶኛል። ቢሆንም፣ "እሱ ይበሳ" አልኩ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ እንጂ አልከለከለኝም።

ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ፈረንጁ የጓሯችንን ጥድ በስቶ ደጋግሞ ቆጠረ፤ ከሃያ አምስት በላይ ሆኖ ሠላሳ አልሞላም። አንዳንዱ ዓመት ሁለት መስመር አውጥቷል፣ አንዳንዱ አንድ። በዚህ ሲሰላ ትልቁ ጥድ ወደ ሰማንያ ይጠጋል አለ። የአባቴ አያት ሲሰፍር ቆሞ ያገኘው ዛፍ አይደለም፤ ቢበዛ ችግኝ ቢሆን ነው። ግራዝማች በተወለዱበት ዓመት ግን በምንም አልተተከለም፤ ሃያ ዓመት ያህል ይበልጣቸዋል።

ግራዝማች ግን፣ "አባቴ አድጎ ያለቀ ዛፍ አምጥቶ ተክሎ ይሆናል" አሉ።

"በሬ አስጎትተው ነው ግራዝማች?" አሉ ያ ቀልደኛው ሽማግሌ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው በቅሏቸውን አስመጥተው ሄዱ፤ የማሳውንም ነገር ዳግም አላነሱት።

የልጅ ልጆቼ ይህን ባወራኋቸው ቁጥር፣ "አያቴ፣ መስመሩ እጥፍ ቢሆንስ ኖሮ?" ይሉኛል። "ፍርድ ነው፣ እንለቅ ነበር" እላቸዋለሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አባቴ ይለቅ እንደነበር አልጠራጠርም። እኔ ግን ፈረንጁን አሥር ጊዜ እንደገና ቁጠር ሳልለው የምለቅ አይመስለኝም።