የትሪዋ ልጅ

ባለፈው ወር ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝና አንድ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ቤት በር ላይ ተጠለልኩ። ጠጋኙ አንድ ኋላው ትልቅ አሮጌ ቴሌቪዥን ከፍቶ ይሞክር ነበር። የሞቀ አቧራ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ተናደድኩ። ሰው ልጅነቱን ሲያስታውስ ፈገግ ይላል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ግን ያቺ የኮምቦልቻ ሳሎን ትዝ ባለችኝ ቁጥር የራሴን አፍ ማጮል ነው የሚያምረኝ። እስቲ ስሙኝና ፍረዱ።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ሰፈራችን ከፋብሪካው አጥር ሥር ነበር፤ አባቴም እዚያው ሽመና ክፍል ይሠራ ነበር። ቤታችን የጴንጤ ቤት ነው። አባቴ «የዓለም ነገር እዚህ ቤት አይገባም» ብሎ ስለቆረጠ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር በደጃችን አላለፈም። ጎረቤታችን ግን ከጅዳ ይዛ የመጣችው ቴሌቪዥን ነበራት፤ ጣሪያዋ ላይም ትልቅ ዲሽ ተተክሎ ነበር። ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ነው የተመለሰችው። ገና ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሰፈሩ ግን «አንቱ» ሊላት ምንም አልቀረውም። አረብኛ ታውቃለች፣ አለቀ።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አንድ የአረብ ጣቢያ ተከታታይ ፊልም ያሳይ ነበር። ንግግሩ እንግሊዝኛ፣ ከሥር የሚያልፈው ጽሑፍ አረብኛ ነው። የጠዋት ፈረቃ የጨረሱ ሴቶች የጥጥ ብናኝ ቅንድባቸው ላይ እንዳለ ይመጡና ምንጣፉ ላይ ይደረደራሉ። መጋረጃው ይጋረዳል፣ ክፍሉ የማሽን ዘይት ይሸታል፣ ሰማያዊ ብርሃን ፊታቸው ላይ ይርገበገባል። እኔም «ላጠና ነው» ብዬ ደብተሬን ታቅፌ እገባ ነበር። አባቴ ቢደርስብኝ አለቀልኝ።

ፊልሙ በከዋክብት መሃል ስለምትጓዝ ከተማ ነበር። መርከብ በሏት፣ አገር በሏት፤ ቤተ መንግሥትም፣ ጦርም፣ እስር ቤትም ነበራት። ሽማግሌው ገዥ ታሟል። ሦስት አማካሪዎቹ ወንበሩን ለመውረስ ይዶልታሉ። ይህን ደርሶበት ፊት ለፊት የተቃወመው የጦር አዛዥ ታስሯል። አማካሪዎቹ ጠረጴዛ ዙሪያ በተቀመጡ ቁጥር ሴቶቹ «ግምገማ ገቡ!» ይሉና በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ረጅሙን አማካሪማ «ይሄ የቀበሌያችን ሰውዬ ቁርጥ!» ብለው ስም አወጡለት።

ለእኛ ግን የፊልሙ ጀግና አዛዡ አልነበረም። ግራጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ትሪ ይዛ የምትገባ የምትወጣ አንዲት ልጅ ነበረች። የትሪዋ ልጅ እንላት ነበር። ጎረቤታችን እንደተረጎመችልን፣ አማካሪዎቹ የሽማግሌውን መድኃኒት ደብቀው ውሃ እንደሚያጠጡት ይህች ልጅ ታውቃለች። ከተናገረች ይገድሏታል፤ ካልተናገረች ሽማግሌው ይሞታል። ሳምንት ሙሉ በዚህ ነገር ስንብሰከሰክ እንከርማለን። ፈትል ክፍል የምትሠራ አንዲት እናት «ያረብ፣ ምነው አፏን በከፈተችና ባረፍኩት!» ትል ነበር።

«አብሽሩ፣ ትናገራለች ኢንሻ አላህ» ትላቸዋለች ጎረቤታችን። የትሪዋን ልጅ ስትተረጉም ድምጿ ይቀጥንና ይንቀጠቀጣል። እኛም ጎበዝ ተርጓሚ ስለሆነች ነው እንል ነበር።

ችግሩ የኔ ጆሮ መከፈቱ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ከፊልሙ አንዳንድ ነገር መያዝ ጀመርኩ። አንድ ቀን ሽማግሌው የትሪዋን ልጅ ሻይ ጨምሪልኝ አላት፤ በጆሮዬ ሰማሁት። ጎረቤታችን ግን «ልጄ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም፤ የምትደብቂኝ ነገር አለ?» ብላ ተረጎመችው። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሌላ ቀን ጠበቅኩ። ያው ነው። ሌላም ቀን ያው። በመጨረሻ ነገሩ ገባኝ፤ አረብኛ ትናገራለች እንጂ ማንበብ አትችልም። ትምህርት ያቋረጠችው ከአራተኛ ክፍል ነው፤ የምታወራውን አረብኛ ሰው ቤት ስትሠራ በጆሮዋ የለቀመችው ነው። እኛ ደግሞ የተናገረ ሁሉ የሚያነብ መስሎን! ከታች የሚያልፈው ጽሑፍ ለእሷም እንደ እኛው ጭረት ነበር።

ዝም ብል ምን ነበረበት? ምን አጣ ነበር?

ያን ቀን ክፍሉ ጢም ብሎ ነበር። የትሪዋ ልጅ ሽማግሌው አልጋ አጠገብ ተንበርክካለች፤ ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ውጠዋል። ጎረቤታችን «አባቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት...» ብላ ስትጀምር፣ እኔ «ኧረ እንዲህ አላለችም» ብዬ አጉረመረምኩ። ከጎኔ ያለችው ሴት ዞር ብላ «ዝም በይ አንቺ! ቋንቋው ያላት እሷ ናት፣ እሷ ትንገረን» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ከክፍሌ አንደኛ እወጣ ነበር እኮ! ብድግ አልኩና «ማንበብ አትችልም! ሁሉንም ከራሷ ፈጥራ ነው! ይቺ ልጅ ምንም የምታውቀው ነገር የለም፣ ሻይ ቀጂ ናት!» ብዬ ጮህኩ።

«እውነቷን ነው እንዴ?» አለች የፈትል ክፍሏ እናት።

ጎረቤታችን ቴሌቪዥኑን አየች። መጀመሪያ አንዷ ሳቀች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም። ክፋት አልነበረውም፤ አጀብ ብሏቸው ነው የሳቁት። እሷ ግን ሪሞቱን አነሳችና አጠፋችው።

በሚቀጥለው ጊዜ ሦስት ሴቶች መጡ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። ሱቅ ስትወርድ «ዛሬስ ምን ተረጎምሽ?» የሚላት አይጠፋም ነበር። «ወላሂ ሁለተኛ ከዚህ አገር እግሬን አላነሳም» ብላ የማለችው ሴት፣ ወር ሳይሞላ ደላላ ፍለጋ ደሴ መመላለስ ጀመረች።

ይኸውላችሁ፣ አምና ልጄ ያንን ፊልም ስልኩ ላይ አገኘልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ሥራ ፈትቼ እስከ መጨረሻው አየሁት። አዛዡ ከእስር ያመልጣል፣ ይተኩሳል፣ ያሸንፋል፣ ንግግር ያደርጋል፣ ይጨበጨብለታል። የትሪዋ ልጅ መሃል ላይ ጠፋች። ሞተች አይሉ፣ ሄደች አይሉ። የት ገባች የሚል አንድ ሰው እንኳ የለም! እርር ብዬ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወርኩት። ልጄ ምን እንደነካኝ አልገባውም።

ያኔ ጎረቤታችን ወደ ጅዳ ልትመለስ አንድ ሳምንት ሲቀራት ይቅርታ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ግቢዋ ውስጥ አንሶላ ታጥብ ነበር። አልሰደበችኝም። የአንሶላውን አንዱን ጫፍ ሰጠችኝና ሁለታችን ፊት ለፊት ቆመን መጭመቅ ጀመርን።

«እኔ ያየሁትን ነው የነገርኳችሁ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከአንሶላው ሳታነሳ። «ጅዳ የምሠራበት ቤት ሽማግሌው ‹ልጄ› ነበር የሚሉኝ። ልጆቻቸው መድኃኒታቸውን ሲደብቁባቸው አየሁ። እዚያው ፊቴ ነው የተማከሩት። ሻይ የምትቀዳን ሴት ማን ያያታል? ፈራሁ፣ ዝም አልኩ። ሞቱ።»

ውሃው እግራችን ላይ ይንጠባጠባል። ጭራሽ፣ አይ የኔ ነገር፣ ያኔም ጉጉቴ አልለቀቀኝም።

«የትሪዋ ልጅስ መጨረሻዋ ምን ነበር?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት በተሻለኝ።

«ያን ቀን ልትናገር ነበር እኮ» አለችኝ። «አንቺ ቀደምሻት።»

የያዝኩትን ጫፍ ከእጄ ወሰደች፤ አንሶላውንም ብቻዋን አሰጣችው።