እስከ ድሬዳዋ፣ ከጨዋታ የማይነሳ ሰው ፍለጋ

ሦስት ዓመት ሙሉ በአዲስ አበባ በካርታ ያሸነፈኝ የለም። ይህን የምለው በትሕትና ነው፤ ትሕትናውን ብተወው ለዋንጫ ማስቀመጫ የሚሆን ቤት እፈልግ ነበር። ካርታ ስል ኮንከር አይደለም። ከውጭ የሚመጣ፣ ባለ ሥዕል፣ እየገዙና እየተለዋወጡ ስልሳ ካርታ የሚያሟሉበት ጨዋታ ነው። መሬት የሚባለውን ካርታ ትዘረጋለህ፣ በመሬትህ ጉልበት አውሬና ወታደር ታሰልፋለህ። ሌላው ሰው ስልሳውን በአንበሳና በጦረኛ ይሞላል። እኔ የባላጋራዬን መሬት በሚያቃጥልና በሚያግድ ካርታ ሞላሁት። አንበሳውን እጁ ላይ እንደያዘ ያረጃል እንጂ የሚያቆምበት መሬት አያገኝም።

እንግዲህ ያላሸነፉኝ ጨዋታውን ስለማይጨርሱት ነው። የምንጫወትበት ካፌ ብቅ ስል የወጣቶቹ ሁሉ ስልክ በአንዴ ይጮኻል። የአንዱ እናት ትታመማለች፣ ሌላውን አለቃው ይጠራዋል። አንዱማ እኔን ሽሽት በአንድ ክረምት አምስት አያት ቀብሯል።

እስከ መጨረሻው ተቀምጦ የሚጫወተኝ አብዲ ብቻ ነበር፤ የድሬ ልጅ፣ የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን። መሬቱን ሁሉ አቃጥዬበት ባዶ ጠረጴዛ ላይ እያፈጠጠ፣ "አቦ ቀጥል!" ይለኛል። ከዚያ ወደ አገሩ ተዛወረና እኔ ያልተሸነፍኩ ሰው ሆኜ ቀረሁ። ባለፈው ሰሞን ደውሎ "ናማ፣ አንድ እንጨርስ" ሲለኝ ካርታዬን በካልሲ ጠቅልዬ ተነሳሁ። ፍርሃቴ አንድ ነበር፤ የአብዲም ስልክ ቢጮኽስ?

ለቡ፣ ጠዋት

ባቡሩ ሳይሞላ አይነሳም ብዬ የአውቶቡስ ልማዴን ይዤ ብቀመጥ፣ ሻይ ልገዛ ሳስብ ተነሳ። ከአጠገቤ ድሬ፣ ቀፊራ ገበያ ቅመም የሚሸጡ እናት ተቀምጠዋል። ካርታዬን አውጥቼ ስደረድር አፍንጫቸውን ነፉ።

"ቁማር ነው?"

"አይደለም እማማ፣ ጨዋታ ነው። ድሬ የምሄደው ይህን ልጫወት ነው።"

"አዲስ አበባ ሰው አለቀ?"

"ለእኔ አልቋል።"

ቀና ብለው አዩኝና ከዘንቢላቸው ሙዝ አውጥተው ሰጡኝ። ለበሽተኛ የሚሰጥ ዓይነት አሰጣጥ ነበር።

መተሐራ ላይ ሐይቁ በጥቁሩ ድንጋይ መሐል ተኝቷል። ከአዋሽ ወዲያ ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ፤ ትንሽ ቢጨምር ቆዳዬንም እጠይቅ ነበር። ግራር፣ ግመል፣ ደግሞ ግራር። በመስኮቱ እያየሁ አብዲ ካርታ ሲስብ ጣቱን በምላሱ የሚያርሰው ትዝ አለኝ። ያኔ ያናድደኝ ነበር። አሁን ያን የረጠበ ጣት ለማየት ይህን ሁሉ በረሃ አቋርጣለሁ።

ከዚራ

ጣቢያው ከከተማው ይርቃል። አንድ ባለ ባጃጅ "ወሪያ! ና ግባ አቦ!" አለኝ፤ ዋጋ ስጠይቀው፣ "መጀመሪያ ግባ፣ ፀሐይ ላይ ዋጋ አይነገርም" አለኝ። ገብቼ ተከራከርን። ከጠራው ላይ ትንሽ ቀነሰልኝ፤ እኔም በቀነሰልኝ ውሃ ገዝቼ አጠጣሁት።

ከዚራ ስንደርስ አብዲ ሽርጥ አሸርጦ ከቤቱ በር ቆሞ ነበር።

"ሸበትክ" አልኩት።

"አንተ ደግሞ ወፍረህ የሁለት ሰው ወንበር ይዘህ መጣህ።"

ተቃቅፈን ቆየን። ባለቤቱ ፈቲያ ሩዝ በፍየል ሥጋ አቀረበች፤ ባስባስ የሚሉት የተፈጨ ቃሪያ አጠገቡ አለ። አንድ ማንኪያ ብቀምስ የሞቱ ዘመዶቼን በሙሉ አየኋቸው። በላን፣ ሳቅን፣ ስለ ሥራው አወራኝ። ስለ ካርታ ግን አንድ ቃል አላነሳም። እኔም ኩራቴ ያዘኝና አላነሳሁም። ካልሲዬን ከትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ።

የበርጫ ሰዓት

በማግስቱ ጠዋት ቀፊራ ወርደን ሰንቡሳ በላን፣ ጫት ገዛን። ቀትር ሲሆን ድሬ ሱቋን ትዘጋለች፤ ፀሐይዋ ብቻዋን መንገድ ላይ ትቀራለች። በዚያ ሰዓት የሚቸኩል ሰው ካለ እንግዳ ነው ወይም ሌባ። አብዲ ቤት ጫታችንን ይዘን ፍራሹ ላይ ስንቀመጥ ጋሽ ወንድሙ ተቀላቀሉን፤ ጎረቤት ናቸው፣ የድሮውን ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ።

ያኔ አብዲ ከትራሱ ኋላ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ካርታ! ልቤ ዘለለ።

"አንተ ጀምር" አለኝ።

"የለም፣ አንተ ጀምር።" በዚህ ጨዋታ በየተራ ከየራስ ክምር አንዳንድ ካርታ ይሳባል፤ የሚስበው ቀድሞ ያለቀበት ተሸነፈ። ጨዋታው ከረዘመ መጀመር ሞት ነው። አዲስ አበባ ጀምሬ አላውቅም።

ፈቲያ ከጓዳ ሰማች። "እንዴ! እኛ ቤት እንግዳ እያለ ባለቤት ይቀድማል? ወላሂ ነውር ነው!"

ጋሽ ወንድሙም፣ "ጀምር ጀምር፣ አታሳፍረን" አሉ። ጀመርኩ።

በሁለተኛው ዙር አብዲ መሬቴን አቃጠለው። በሦስተኛው ደገመኝ። ቀና ብዬ አየሁት። የእኔን ካርታ አንድ በአንድ መስሎ ሠርቶታል! እኔም የእሱን አቃጠልኩ። ከጥቂት ዙር በኋላ ሁለታችንም መሬት የለንም፤ አንድ እየሳብን "አለፍኩ" ማለት ብቻ ሆነ።

ጋሽ ወንድሙ ጠረጴዛውን ቃኙት። "ማን እየመራ ነው?"

"ማንም።"

"ምን እየጠበቃችሁ ነው ታዲያ?"

"እንዲያልቅ።"

"እህ! ይሄማ ድሮ ሁርሶ ጣቢያ ላይ የምንቆመው ነው። ሐዲዱ አንድ ስለሆነ ከወዲያ የሚመጣው እስኪያልፍ ግማሽ ቀን እንቆማለን። ተሳፋሪ ይሰድበኛል። እኔ ግን ሚስቴን ያገኘኋት ስትሰድበኝ ነው።"

አብዲ ጣቱን አርሶ ካርታ ሳበ። "አለፍኩ። እዚህ የሚጫወተኝ አጣሁ። ፈቲያን አስተማርኳት፣ ትነሳብኛለች።"

"ልብስ አጥቤ፣ አስጥቼ ስመለስ ያው ነው!" አለች ፈቲያ፣ ሻይ እያስቀመጠች። "በኋላ ያንተን ካርታ ከአዲስ አበባ በሰው አስመጣና ብቻውን ሁለት ሰው ሆኖ ይጫወት ጀመር። በአንተ ተራ አንተን ሆኖ ይስላል። 'እህ እህ' ይላል፣ ወላሂ! እኔ ታመመ ብዬ ማር በሎሚ አፈላለሁ።"

አብዲ ካርታው ውስጥ ተደበቀ። እኔም 'እህ እህ' ብዬ ሳልኩ ብቻ።

ከዚያ ወዲያ አልቸኮልንም። አንድ ካርታ ስበን አንድ ወሬ እናወራለን። ጥላው ግቢውን አቋርጦ ግድግዳው ላይ ወጣ፣ የአስር ሶላት አዛን ተሰማ፣ አብዲ ሰግዶ ተመለሰና "አቦ ቀጥል!" አለኝ። ቀጠልኩ። እጄን ስሰድ የምስበው አልነበረም። በእንግድነቴ ቀድሞ አለቀብኝ።

ጋሽ ወንድሙ ጭኔን መቱኝ። "ባቡርህ አለፈ።"

አብዲ ግን አልሳቀም። "ዘንዶዋስ?"

ዘንዶዋ በእኔ ካርታ ውስጥ ያለች ብቸኛ ገዳይ ናት፤ አብዲ ሲያስመጣ እሷን ብቻ አላገኛትም። መሬት አትፈልግም፤ ከመጣች ጨዋታው በዚያው ያበቃል።

"ቀኑን ሙሉ እሷን ስጠብቅ ዋልኩ እኮ! የት ሄደች?"

"ቤት ረስቻት መጣሁ" አልኩት።

"አይ ያንተ ነገር! ታሸንፈኝ ነበር።"

መልስ

ሲሸኘኝ ጣቢያው ድረስ መጣ፤ አንድ ከረጢት ሰንቡሳ አሸከመኝ። ለመንገድ ነው ያለው፣ ለአንድ ሻለቃ ጦር ይበቃል። በመስኮቱ በኩል "በሚቀጥለው ዘንዶዋን ይዘህ ና!" ብሎ ጮኸ። እሺ አልኩት። ሁርሶን ስናልፍ ባቡሩ ይቆማል ብዬ ጠበቅሁ። ሳይቆም አለፈ።

ቤቴ ገባሁ። ጉዞው ምን አስተማረህ ለሚለኝ፣ እንግዳ ይቅደም ሲሉህ እምቢ በል እለዋለሁ። ሌላውን ደግሞ ሳልቀልድ ልናገር። ዘንዶዋን አልረሳኋትም። ኮመዲኖዬ ውስጥ ናት፤ ያስገባኋት አብዲ ልዛወር ነው ባለኝ ሳምንት ነው። ከእሷ ጋር ጨዋታው ቶሎ ያልቃል፤ ካለቀ አብዲ ተነስቶ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ የምጫወትበት ካርታ፣ ሁሉም ተስቦ እስኪያልቅ የሚቀመጥ ከሌለ፣ ማንንም ማሸነፍ አይችልም።