የጠራው ውኃ

ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ሥራዬ ሰው አልባ ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ ነበር፤ ያውም በኮምፒውተር ብቻ። ሶፍትዌሩ መርከቡን ያስነድፍሃል፣ ከዚያ በራሱ ባሕር ውስጥ አጥልቆ ይፈትንልሃል። ባሕር ለሌላት አገር! ተመርቄ ፍኖተ ሰላም ኮብልስቶን ስጠርብ ከረምኩ። እናቴ ግን ጅጋ ገበያ ላይ፣ «ልጄ ውኃ ውስጥ ገብቶ የሚፈልግ መርከብ ሠርቷል» እያለች ታወራልኛለች።

ክረምት ላይ ብር የሚባለው ወንዛችን ሞልቶ የጎረቤታችንን የአያ ደምሌን ልጅ ወሰደ። ዋናተኞች ፈልገው አጡት። አስከሬን ሳይቀበር ደግሞ እርም አይወጣም። አያ ደምሌ ሽማግሌ አስከትለው እቤታችን መጡ።

«እባክህ ልጄ፣ መርከብህን አስገባልን» አሉኝ።

በቃል ማስረዳት ቢያቅተኝ አሮጌ ላፕቶፔን ከፈትኩላቸው። መርከቡ መብራቱን አብርቶ በሰማያዊው ውኃ ውስጥ ቀስ እያለ ወረደ።

«ይኸው፣ ያለው እዚህ ላይ ብቻ ነው» አልኳቸው።

አያ ደምሌ ትክ ብለው አዩትና ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ።

«ጥርት ያለ ውኃ ነው፤ የኛው ድፍርስ ነው» አሉ። «ለመሆኑ ልጄ፣ እዚህኛው ውኃ ውስጥ ማን ጠፍቶባችሁ ነው የምትፈልጉት?»