ሐምራዊው ጠርዝ

ለመስቀል ሰንጋ ያጠራቀምኩት ሰማንያ ሺህ ብር ነበር። ወልቂጤ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ፤ ልጆቼን ያሳደግሁት በእሱ ነው።

ጣጣው የመጣው ከካሜራዬ ሌንስ ነው። ነጭ የለበሰ ሰው ፀሐይ ላይ ሳነሳ የልብሱ ጠርዝ ሐምራዊ ይሆናል። አንዲት ሙሽራማ፣ “ጋሼ፣ ቬሎዬን ቀለም ነከሩት እንዴ?” ብላ አፌዘችብኝ።

ሌንስ ሻጭ ጠየቅሁ። ብርሃን በመስታወት ሲያልፍ ቀለማቱ እኩል አይታጠፉም፤ ጥሩ ሌንስ ግን ዓይነታቸው የተለያየ መስታወቶች ስላሉት ቀለማቱን መልሶ አንድ ቦታ ያገናኛቸዋል አለኝ። ነገሩ ገባኝና የሰንጋውን ብር ከፍዬ ገዛሁ። አሮጌውን ለጎረቤቴ ለፎቶ አንሺው ደሳለኝ፣ ጉድለቱን ነግሬው፣ በአምስት ሺህ ሸጥኩለት።

የመስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባ የገባው ሁሉ ነጭ ለብሶ ፎቶ ሊነሳ ወጣ። አንዲት እናት የሰጠኋትን ፎቶ መለሰችልኝ።

“እህቴ ደሳለኝ ጋ ተነስታ ዙሪያዋን ሐምራዊ ብርሃን ከቧታል። የእኔን ለምን አጠፉት?”

“እሱ እኮ የመስታወት ስህተት ነው።”

“እንግዲያው ስህተቱ ያለበት እሄዳለሁ” አለች። ሌሎቹም ተከተሏት።

በበዓሉ ደሳለኝ ሰንጋ ጥሎ እኔን ከነልጆቼ ጠራኝ። እያጎረሰኝ፣ “ጋሼ፣ ሌላ አሮጌ ሌንስ የለዎትም?” አለኝ።

ሰማንያ ሺህ ወጣ፤ አምስት ሺህ ገባ፤ አንድ ጣባ ክትፎ ተበላ።