ሽማግሌዎች በበረዶው ሜዳ

ከሰፈራችን ከቻምበርስ ሮድ ማልደን ተነሳን። የጎረቤቴ የአቶ ጀማል ልጅ ሙኒር ዴንቨር ውስጥ ለአንድ የበረዶ ላይ ሆኪ ቡድን ሙከራ ላይ ነበር፤ ቡድኑ ውስጥ የሚቀረውና የሚሰናበተው የሚለየው በዚያ ቀን ነው። አባቱ ሲጫወት አይተውት አያውቁም። "ልጄ ወገን እንዳለው አሰልጣኞቹ ይወቁልኝ" ብለው ሁለት ሽማግሌዎች አብረው እንዲሄዱ ለመኑ። መኪናቸው ጋራዥ ስለገባች እሳቸውንም ሽማግሌዎቹንም የምወስደው ሾፌር እኔ ሆንኩ።

ሃቫና ስትሪት

ሀጂ ኑሩ ሙሉ ልብሳቸው ላይ ጋቢ ደርበው ሱቃቸው ደጃፍ ቆመዋል። አቶ ተስፋዬ፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ከጎናቸው ናቸው።

"ሀጂ፣ በረዶው ላይ የሚወጣው ልጁ እኮ ነው" አሏቸው አቶ ተስፋዬ።

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ አሜሪካ ነው።"

ነዳጅ ስሞላ ዶናት ገዛሁላቸው። ሀጂ በምን ስብ እንደተጠበሰ ጠይቅ አሉኝ፤ ሻጯ አታውቅም። ድርሻቸውን አቶ ተስፋዬ በሉላቸው። ወደ ምዕራብ ስንነዳ ሜዳው ቡናማ ነው፣ ተራሮቹ ጫፋቸው ነጥቷል።

ዴንቨር

ለፓርኪንግ ሦስት ዶላር ከፍለን ገባን። አዳራሹ እንደ ሥጋ ማቀዝቀዣ ነው።

ሙኒር አጥቂ ነው፣ ግን የአራተኛው፣ የመጨረሻው መስመር። ጎል እንዲያገባ ማንም አይጠብቅበትም። ሥራው መጋጨት፣ እንደ ኳስ የሚመቷትን ጥቁር ጎማ በሰውነቱ መመከት፣ የቡድኑን ኮከብ የነካውን መደብደብ ነው። "ካልተጣላሁ ቡድኑ አያስቀረኝም" ብሎኛል። ለአባቱ ግን ጥርሱ የተሰበረው ወድቆ እንደሆነ ነው የነገራቸው።

ልምምዱ እንደተጋመሰ አንድ ግዙፍ ልጅ ኮከቡን ከግድግዳው አላተመው። ሙኒር ጓንቱን ጥሎ አንገቱን ያዘና ደጋግሞ አፍንጫውን አለው። በረዶው ቀላ። ተጫዋቾቹ ዱላቸውን በሜዳው ዙሪያ ባለው እንጨት ላይ እየደበደቡ አጨበጨቡለት፤ አሰልጣኙ ፈገግ አለ። ፈተናውን አለፈ! አልኩ በሆዴ።

ዞር ስል ሽማግሌዎቹ ተነስተዋል።

"ሰው ፈነከተ! ሳይባረር እንድረስለት" አሉ ሀጂ።

"ሀጂ፣ እዚህ ይሄ ሥራ ነው፤ ደስ ብሏቸዋል።"

"በሰው ደም ማን ደስ ይለዋል? ዝም በል አንተ!"

አሰልጣኙ ዘንድ ደርሰው ጎንበስ አሉ። ሙኒር ከልጅነቱ ጀምሮ ለአባቱ በየክሊኒኩ ያስተረጎመ ልጅ ነው፤ አሁንም እሱው ተጠራ።

"ልጅነት አታሎት ነው፤ ለእኛ ሲሉ ይማሩት። ሁለተኛ እጁን በሰው ላይ አያነሳም፣ እኛ ዋስ ነን" አሉ ሀጂ።

ከንፈሩ እየደማ፣ አንዲት ቃል ሳያስቀር ተረጎመው። አሰልጣኙ ትክ ብሎ አየው።

"እውነት ነው? ከእንግዲህ አትጣላም?" አለው በእንግሊዝኛ።

ሙኒር አባቱን አየ። አይናቸው እንባ አቅርሯል። አቀረቀረ። በእኛ ዘንድ በሽማግሌ ፊት ማቀርቀር ጨዋነት ነው፤ አሰልጣኙ ግን የአዎንታ መልስ አድርጎ ወሰደው።

"የፈለግኩህ ለዚያ ብቻ ነበር። ዕቃህን ሰብስብ።"

"ምን አለ ልጄ?" አሉ አቶ ጀማል።

"ይቅር ብሎኛል።"

"አልሀምዱሊላህ!" "ጌታ ይባረክ!" ሀጂ አፍንጫው የደማውን ልጅ ጠርተው ከሙኒር ጋር አሳሳሙት። ልጁ እየሳቀ ተሳመ።

መመለስ

ላብ የሚሸተውን ሻንጣ ከኋላ ጫንን። አቶ ጀማል እስከ ሃቫና ድረስ ሽማግሌዎቹን ሲያመሰግኑ፣ ሽማግሌዎቹም ሙኒርን ሲመርቁ ነው መንገዱ ያለቀው። ቻምበርስ ሮድ ስንደርስ ሙኒርን ለብቻው ያዝኩት።

"ለምን አትነግራቸውም?"

"ምን ብዬ? ዋስ ሆነውልኝ? ይልቅ የምትሠራበት መጋዘን ሰው ይቀጥራል?"

ወገን የሌለው ሰው በዚህ አገር ይጠፋል የሚል ግጥም በፊት ጽፌ ነበር። ከዴንቨር ስመለስ የተማርኩት ወገን ያለውም እንደሚጠፋ ነው፤ እየተመረቀ።

በማግስቱ ኮሜርስ ሲቲ ወዳለው መጋዘን አብረን ወጣን። አቶ ጀማል ልምምድ የሚሄድ መስሏቸው ከበረንዳው ጎንበስ ብለው ተጣሩ።

"ሙኒር! ቃል ገብተንልሃል፣ በረዶው ላይ እጅህን ሰብስብ!"

"እሺ አባዬ" አለና የመኪናውን በር ዘጋ።