ገዳሪፍ የደረሱት አምስት ድንቾች

ሰው ሁሉ በሌሊት ተሰደድኩ ይላል። እኔ ግን ከቤቴ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በዳንግላ ገበያ ቀን፣ ዶሮ ታቅፌ ነው። ገበያ የሚሄድን ሰው ማንም ወዴት ነህ አይለውማ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ሁሉንም ታውቅ ነበርና ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ጎረቤት እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ጨው እንዳትረሳ!» አለችኝ። «እሺ» አልኳትና ዘወር ብዬ ሳላያት ሄድኩ። ባያት ኖሮ ዶሮዋን ለቅቄ እመለስ ነበር። ዳንግላ ላይ ዶሮዋን ሸጥኩና ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ የጭነት መኪና፣ በኑግ ጆንያ መካከል ተሳፈርኩ።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ ለምን እንደወጣሁ የምታወሩትን እዚህ ድረስ እሰማለሁ። ሰነፍ ነበር ትላላችሁ፤ ፈረንጅ ያባረረ ሰው ትሉኛላችሁ። እስቲ ደግሞ አንድ ጊዜ ከራሴ ስሙት።

መንግሥታችን ከባሕር ማዶ መንግሥታት ጋር ተዋውሎ፣ ጥቂት መሬት ያለውን ገበሬ ከረሃብና ከድህነት እናወጣለን ተብሎ ሰዎች የተላኩበትን ዓመት ታስታውሳላችሁ። ወደ መንደራችን ቁምጣ የለበሰ ረጅም ፈረንጅ ከአስተርጓሚ ጋር በጂፕ መጣ። እኔ አማርኛም አገውኛም ስለምችል፣ ፊደልም ስለቆጠርኩ፣ ከሰው መካከል ተመረጥኩ። ገብስ የምዘራበትን ማሳዬን ለሠርቶ ማሳያ ሰጠሁ። ስድስት ጆንያ የድንች ዘር አወረዱልኝ። በየጆንያው ላይ ሁለት ሰዎች ሲጨባበጡ እጃቸው ብቻ ተስሏል። ስሜም በሰሌዳ ተጽፎ ከማሳው ዳር ቆመ። ቃሉ ግልጽ ነበር፦ ዘሩ በሙሉ በዚያች ማሳ ብቻ በመስመር ይተከላል፤ ማሳው ሞልቶ ከታየ በሚመጣው ዓመት ለአጥቢያው ሁሉ ዘርና ማዳበሪያ ይመጣል፤ ካልሞላ አይመጣም።

እናንተው ታውቁታላችሁ፤ በኛ ዘንድ በዘር ወቅት ዘር ፈልጎ የመጣን ሰው ባዶ እጁን መሸኘት ነውር ነው። ወሳጁም በሚቀጥለው የዘር ወቅት በሰጡት ስፍር፣ ከላዩ ቆልሎ ይመልሳል። ይህን ለፈረንጁ የነገረው ሰው አልነበረም። እኔም አልነገርኩትም፤ በየትኛውም አገር እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ የመጡት ያሳደጉኝ የአባቴ ወንድም፣ አያ ደሴ ናቸው።

«የፈረንጅ ዘር መጣ አሉ» አሉኝ።

«መጣ፣ አያ። ግን ለማሳያው ብቻ ነው ብለውናል።»

«አላስቸግርህም። አንድ ቁና ብቻ።»

ያሳደገኝን ሰው እንዴት አድርጌ ልመልስ? ለእሳቸው ከሰጠሁ በኋላ ደግሞ ለሌላው የለም ማለት አይቻልም። በሦስት ቀን አራት ጆንያ አለቀ። የቀረውን ሁለቱን አራርቄ ተከልኩት።

በነሐሴ ድንቹ ሲያብብ ፈረንጁ መጣና ማሳዬን ዞረው። አንዱ ተክል እዚህ፣ ሌላው እዚያ። ፊቱ ቅጭም አለ። አስተርጓሚው፣

«የቀረው ዘር የት ገባ? ሸጥከው ወይ? ይልሃል» አለኝ።

«አልሸጥኩም። ሰጠሁ።»

«ለማን?»

«ለጠየቀኝ።»

«ስንት ሰው ጠየቀህ?»

«ሁሉም።»

አስተርጓሚው ተረጎመለት። ፈረንጁ ማስታወሻው ላይ አንድ መስመር ጻፈ። «ጌታዬ፣ ሁሉም በቅሏል!» አልኩት። «ከየቤቱ ጓሮ አለ፤ ኑ ላሳያችሁ፤ ከዚህ እስከ ወንዙ ነው።» ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ጂፑ ወንዙ ሳይሞላ መሻገር ነበረበት። አስተርጓሚው፣ «የመጣነው ማሳያውን ለማየት ነው» አለኝ። ሰሌዳዬን ነቅለው ይዘው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ሥራው ግምጃ ቤት ወደሚባለው አገር ዞረ፣ ለኛ አጥቢያ ዘርም ማዳበሪያም አይመጣም ተባለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁና። ድንቼን በጓሯችሁ እየኮተኮታችሁ እኔን ሰላም ማለት ተዋችሁ። አያ ደሴ በማኅበር ላይ፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ «አጥቢያውን ያስራበው ይኸ ልጅ ነው» አሉ።

«አያ፣ ለማሳያው ብቻ ነው ብዬ ነግሬዎት ነበር እኮ።»

«ጠንከር አድርገህ አልነገርከኝም!»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ያቺ ሳቅ እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች። ገብስ ስላልዘራሁ፣ ከሁለቱ ጆንያ ያገኘሁት ድንችም ስላልበቃን፣ ጎተራዬ በጥር ባዶ ሆነ። ዘር የሰጠሁትን ሰው እህል መለመን ከሞት የከፋ ሆነብኝና ያቺን ዶሮ ታቀፍኩ።

ከጎንደር ወዲያ እስከ መተማ በእግሬ ነው የሄድኩት። ተሻግሬ ሱዳን ጋላባት ላይ፣ የድንበሩ ሹም በተሰባበረ አማርኛ ጠየቀኝ።

«ሥራህ?»

«ገበሬ።»

«መሬትህ የት ነው?»

«ዳንግላ።»

«እዚህስ?»

«የለኝም።»

«መሬት የሌለው ገበሬ የለም» ብሎ «ዓሚል» ብሎ ጻፈኝ፤ የቀን ሠራተኛ ማለት ነው። ወረቀቱን ሲሰጠኝ፣ «ከናንተ አገር የሚመጣው ሁሉ ገበሬ ነኝ ይላል። ታዲያ እዚያ ማን እያረሰ ነው?» አለኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ወጣሁ።

ገዳሪፍ ከሐጅ ኢድሪስ አንድ የጭቃ ክፍል ተከራየሁ። ስገባ «ጣሪያው ያፈሳል ወይ?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀ። «ስምንት ወር ሙሉ ዝናብ የለም፤ ከየት አምጥቶ ያፈሳል?» ክረምት ሲገባ ዝናቡ አልጋዬ ላይ ወረደ። ሄጄ ብነግረው እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው» አለኝ። እንዲህ ነው የምንኖረው። ሙቀቱን በምን ልንገራችሁ? ጋቢዬን በደረስኩ በሳምንቱ ሸጥኩት። ኪስራ የሚሉት ስስ የማሽላ እንጀራ አላቸው፤ ሲያዩት የኛን ይመስላል፣ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ግን ይለያል። የምሠራው መሽሮዕ በሚሉት ዳርቻው በማይታይ የሰሊጥ እርሻ ላይ ነው። እዚያም በባዕድ አገር ገንዘብ ትራክተር መጥቷል። አንድ ቀን መጋዘን ስጠርግ በጆንያ ላይ እነዚያን የሚጨባበጡ እጆች አገኘኋቸው። ጆንያውን ለምኜ ወሰድኩና እስከ ዛሬ አልጋዬ ላይ አንጥፌ እተኛበታለሁ።

በሁለተኛው ክረምት መግቢያ ውበቱ የሚባል የዳንግላ ልጅ ለአረም ሥራ መጣና ከጥሩወርቅ ደብዳቤና በጨርቅ የተቋጠሩ አምስት ድንቾች ሰጠኝ። መሪጌታው የጻፉት ስለሆነ ግማሹ ገጽ ሰላምታ ነው። የእሷ ቃል የጀመረው ከታች ነው።

«ዘር የወሰዱት ሰዎች በዘር ወቅት ከላዩ እየቆለሉ መለሱ፤ አንድም የቀረ የለም። ማሳህን ሞልቼ ተከልኩት። እነዚያ ሰዎች በጂፕ ሲያልፉ አይተውት ወረዱ፤ ሰሌዳም አመጡ። ባለቤቱ የት አለ ሲሉ አያ ደሴ ከጎኔ ቆመው እኔ ነኝ አሉ። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው የሳቸው ስም ነው፤ ምርቱንም የሚያዙበት እሳቸው ሆነዋል። እኔም ዝም አልኩ፤ ብቻዬን ነኝና። ይኸን ድንች ትከለው። ካፈራልህ አገሩ ለኛ ይሆናል ማለት ነው፤ እኔ እመጣለሁ። ካላፈራ አንተ ና።»

በሐጅ ኢድሪስ ግቢ፣ ከውኃው ጋን ሥር ተከልኳቸው። ከደሞዜ ጥላ ገዝቼ በቀትር ዘረጋሁላቸው፤ ጎረቤቶቼ አበደ አሉ። በቀሉ። ቅጠላቸው አማረ። ሐጅ ኢድሪስ ራሱ እያለፈ «ማሻአላህ» ይል ነበር። እኔም አንድ ሰው ብቻ ይተኛበት የነበረውን አልጋ ለሁለት አሰፋሁት።

ሰሊጡ ተሰብስቦ ውበቱ ወደ አገር ሊመለስ ሲል ቆፈርኩ። አምስቱንም። ከሥራቸው ክር ብቻ ነበር፤ በአንዱ ላይ ሽምብራ የምታክል ፍሬ ተንጠልጥላለች። ይኸ ሙቀት ቅጠሉን እንጂ ድንቹን አያበቅልም። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ። ልመለስ ብል በገዛ ማሳዬ ላይ የአያ ደሴ ሠራተኛ ልሆን ነው። ነይ ልበላት ብል ወዴት ነው የምትመጣው?

ውበቱ ስንቁን አንጠልጥሎ ቆሞ ነበር። እጁ ላይ አንድ ቋጠሮ ጨው አኖርኩለት።

«ምን ልበላት?» አለኝ።

«ቅጠሉ አምሮ ነበር በላት።»

«ሥሩንስ ስትጠይቀኝ?»

የጨውን ቋጠሮ ከእጁ ወስጄ ደግሜ አጥብቄ አሰርኩለት። ጥቂት ጠብቆኝ ሄደ።

ምን እንዳላት አላውቅም። እውነቱን ነግሯት ከሆነ ደጃፉ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው፤ አዝኖልኝ ዋሽቶ ከሆነ ደግሞ መንገድ ላይ ናት። ስለዚህ ከጋላባት የጭነት መኪና በመጣ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ እሄዳለሁ፤ የሚወርዱትን ሴቶች አንድ በአንድ አያለሁ፤ እሷ እንዳልሆነች ሳረጋግጥ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ደግሞ አለቅሳለሁ።