ከሊቀመንበሩ ቀድማ የሳቀች

አቧራ ሲሞቅ የራሱ የሆነ ሽታ አለው። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ፣ በቀጥታ በሚተላለፍ የአጫጭር ኮሜዲ ውድድር ላይ ከዳኞቹ አንዷ ሆኜ በተቀመጥኩበት ስቱዲዮ፣ ከራሳችን በላይ የተሰቀሉት መብራቶች ሲበሩ ላያቸው ላይ ተኝቶ የኖረው አቧራ ሞቆ ሽታው ወደ ታች ሲወርድ፣ እጄ ውጤት መስጫው ወረቀት ላይ ቀረና ወደ ልጅነቴ ተመልሼ ናዝሬት፣ የቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ፣ እናቴ እግር ሥር ተቀመጥኩ። የቀበሌው ቴሌቪዥን ሲከፈት ልክ እንደዚያ ይሸት ነበር።

አዳራሹ ቀድሞ የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን ነበር፤ ከተወረሰ በኋላ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮበት የስብሰባ ቦታ ሆነ። ቴሌቪዥኑ ባለሁለት ተከፋች የእንጨት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ በጓጉንቸር ይቆለፍ ነበር፣ ቁልፉን የሚይዙትም የአዳራሹ ዘበኛ አባባ ገመቹ ነበሩ። አባባ ገመቹ በጉልበታቸው ዘመን ከናዝሬት ወንጂ ጋሪ ሲነዱ የኖሩ፣ አማርኛቸውን በኦሮምኛ እያዋዙ የሚናገሩ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ነፋሱ በየስንጥቁ የሚያስገባውን አቧራ ቀኑን ሙሉ ከሳጥኑ ላይ በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ ይውሉ ነበር፤ ነፋሱ ግን ሁልጊዜ ያሸንፋቸው ስለነበር ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ከሥዕሉ በፊት የሚደርሰን ሽታው ነበር።

እኛ የምንኖርባት አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ከአዳራሹ ጋር ግድግዳ ትጋራ ነበር። ግድግዳው ጣሪያው ድረስ ስላልደረሰ እዚያ የሚባለውን ሁሉ እዚህ እንሰማለን፣ እዚህ የምንለውንም እዚያ እንዳይሰሙ እየተጠነቀቅን እንናገር ነበር፤ ከእናቴ በቀር። እናቴን ሰፈሩ እትዬ አስካለ ይላታል፤ አባቴ እኛ ነፍስ ሳናውቅ ስለሞተ እኔንና ታናሽ እህቴን ያሳደገችን በአንዲት የስፌት መኪና ነው። ሜትሯን ከአንገቷ የማታወልቅ፣ ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ከለሩ አይሆንህም ብላ ጨርቁን አስይዛ የምትመልስ ሴት ነበረች፤ ደንበኛ እንዲህ አይያዝም ሲሏት «ሄዶ ተመልሶ ይመጣል» ትል ነበር፣ ብዙ ጊዜም ይመጣ ነበር።

በዓል በመጣ ቁጥር ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚተላለፍ ዝግጅት ነበር። ዘፈኑም ሽለላውም ያልፋል፤ ሰው የሚጠብቀው ግን በየመሃሉ የሚቀርቡትን አጫጭር አስቂኝ ድራማዎች ነበር። መስኮቶቹ ፀሐይ እንዳያስገቡ በብርድ ልብስ ይጋረዱና ከፊት ሊቀመንበሩ ጓድ በቀለ፣ ከኋላቸው ኮሚቴው፣ ከዚያ እኛ ተደርድረን እናይ ነበር። በማግስቱ ጎረቤቶች እየመጡ «እትዬ አስካለ፣ እንዴት አየሽው?» ሲሏት እናቴ ከመኪናዋ ቀና ሳትል ፍርዷን ትሰጥ ነበር። የተንዛዛውን «እጅጌው ይጎትታል»፣ ቁም ነገር የሌለውን «ገበር የለውም» ትላለች፤ የወደደችውን ደግሞ «ልኩ ነው» ብላ ዝም ነው። ልኩ ነው ያለችበትን ድራማ ሰፈሩ ሳምንት ሙሉ ይደጋግመው ነበር።

ታዲያ በአዳራሹ ውስጥ ማንም ያላወጀው ማንም የማይጥሰው ሕግ ነበር፤ ሊቀመንበሩ ሳይስቅ አይሳቅም። ጓድ በቀለ ጥቅጥቅ ያለ ጢም ነበራቸው፣ በትንሽ ማበጠሪያ የሚያበጥሩት። የሚያስቅ ነገር ሲመጣ ሁለት መቶ ሰው ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ላይ አንሥቶ በጎን እሳቸውን ያይና፣ ጢማቸው ከተነቃነቀ ይስቃል፣ ካልተነቃነቀ ያስላል። እኛ ልጆቹ ሳንቀር ለምደነው ስለነበር ሳቅ እንደዚህ በወረፋ የሚመጣ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ያ መስከረም የእንቁጣጣሽ ዕለት፣ አንዱ ድራማ ላይ አንድ ሰውዬ ስለ አይጥ ስብሰባ ይመራ ነበር። አይጧ እህሉን እየበላች ነው፤ ሰውዬው ኮሚቴ ያቋቁማል፣ ለኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ ያቋቁማል፣ ቃለ ጉባኤ ያስይዛል፣ እሷም ቃለ ጉባኤውን ትበላዋለች። ይህን ሲያዩ ጓድ በቀለ አልሳቁም፣ እኛም አሳልን። ከዚያ ተዋናዩ ሻዩን ሊጠጣ ሲያጎነብስ፣ መብራቱ አሙቆት ይሁን እንጃ፣ በሙጫ የተለጠፈው ትልቅ ጢሙ ተላቆ ብርጭቆው ውስጥ ወደቀ። በቀጥታ የሚተላለፍ ነውና መመለስ የለም። ሰውዬው ግን ቅንጣት ሳይደነግጥ ሁለት ጣቱን ሰድዶ ጢሙን ከሻዩ አወጣና አራግፎ ለተሰብሳቢው ከፍ አድርጎ እያሳየ «ይኸው፣ ተያዘች» አለ።

እናቴ ሳቀች። የእናቴ ሳቅ ሲጀምር ስቅታ ይመስላል፣ ከዚያ እየወጣ ይሄድና መመለሻ ያጣል። በጨለማው አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ሲወጣ ሰማሁት፤ ሰዉ ሁሉ የሊቀመንበሩን ጢም አየ፣ ወዲያው ደግሞ እንዳላየ ሆኖ መሬት መሬት አየ። እኔ በኀፍረት ቀሚሷን ጎተትኩ፣ እሷ ግን ዓይኗን እየጠረገች እስኪበቃት ሳቀች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያ ድራማ በውይይት ክበብ እንዲገመገም ተጠራን፤ ገንቢ ነው ወይስ አፍራሽ ተብሎ እጅ ሊወጣበት ነው። እናቴም በአዳራሽ ውስጥ ሥርዓት በማጣት ግለ ሂስ እንድታቀርብ ተወሰነ። ይህንን ከስብሰባው በፊት ነግረው ሊያስጠነቅቋት የመጡት አባባ ገመቹ ነበሩ። እኔ ደፍ ላይ ተቀምጬ እሰማ ነበር።

«አስካለ፣ አካም ጅርታ» አሉና በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «ያ የተማሪዎች ዩኒፎርም ጨርቅ መጥቷል፣ አሥራ ሁለት ጣቃ። ላንቺ እንዲሰጥ ኮሚቴው ጨርሶ ነበር። አሁን ጓድ በቀለ ይዘውታል። አንድ ቃል ናት እኮ፤ ተሳስቻለሁ በይና ጨርቁን ውሰጂ።»

«እርስዎስ አልሳቁም አባባ?»

«ሆዴ ስቋል። አፌን ይዤው ነው እንጂ» አሉ ሽማግሌው፣ ቁልፋቸውን በጣታቸው እያዞሩ።

ያ ጨርቅ ለእኛ የዓመቱ ቀለብ ነበር። ለእኔ ደግሞ ጥቁር የቆዳ ጫማ ነበር፣ ዩኒፎርሙን ሰፍታ ስትጨርስ ልትገዛልኝ ቃል የገባችልኝ፤ አምና ያደረግሁት ሸራ ጫማ አውራ ጣቴ ጋ ተቀዶ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌው እንደ ሄዱ «ብትይው ምን አለበት? ተሳስቻለሁ በያቸው» ብዬ አለቀስኩ። እናቴ መኪናዋን አቁማ ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም።

«የሳቅሁትን አልሳቅሁም ካልኩ» አለችኝ፣ «ነገ ልብስሽ ልክ ሆኗል ስልሽ በምን ታምኚኛለሽ?»

በጣም ተናደድኩባት፣ ያንን ዛሬም አልክድም።

የስብሰባው ቀን ጓድ በቀለ ስለ ድራማው ረጅም ንግግር አድርገው፣ ሰፊውን ሕዝብ የሚያንቋሽሽ አፍራሽ ሥራ ነው ብለው በዚህ የሚስማማ እጁን እንዲያወጣ ጠየቁ። የሁሉም እጅ ወጣ፤ የእናቴ እጅ ጉልበቷ ላይ ነበር። «ጓዲት አስካለ» አሏት፣ «በዓሉ ዕለት ብቻሽን ስቀሻል። ምን እንዳሳቀሽ ለሕዝቡ ንገሪና ግለ ሂስሽን አቅርቢ።»

ተነሣች። ሜትሯ አንገቷ ላይ ነበር።

«ብቻዬን መሳቄ እውነት ነው፣ ቅር ያለኝም እሱ ነው» አለች። «ያ ሰውዬ ሁላችንም ልንስቅለት የሚገባ ነበር። ያሳቀኝ ጢሙ ነው።»

ጓድ በቀለ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ጢም ሰደዱ።

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደንበኛ ቆሞ እያየኝ ክር ሲበጠስብኝ እጄ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አውቀዋለሁ። እሱ አገር እያየው ጢሙ ወደቀ፣ አልተንቀጠቀጠም፣ ሥራውን ቀጠለ። ጎበዝ ነው። ጎበዝን አፍራሽ ብዬ እጄን አላወጣም» ብላ ተቀመጠች።

ጣቃዎቹ በጥቅምት ለሌላ ሰፊ ተሰጡ። እናቴም «እስክትታረም» ድረስ ወደ አዳራሹ እንዳትገባ ተከለከለች። ያን ዓመት የክፍላችን ተማሪ በሙሉ ኮሌታው ወደ ግራ የዞረ ዩኒፎርም ሲለብስ፣ የእኔ ብቻ ካሮጌ ካኪ ተገልብጦ የተሰፋና ልክክ ያለ ነበር፤ እግሬ ግን ያው ሸራ ጫማ ውስጥ ነበር፣ አውራ ጣቴም እንደ ወጣ። ኅዳርና ታኅሣሥ አቧራው ሲብስና ወንጂ አገዳ ቆረጣው ሲጦፍ፣ እናቴ የስፌት መኪናዋን በጋሪ ጭና እየሄደች የቆራጮቹን የተቀደደ ሱሪ በየሰፈራቸው ትጠቅም ጀመር። ከመቆረጡ በፊት የሚቃጠለው አገዳ ጥላሸት ለብሳ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ጥርሷ ብቻ ይታይ ነበር። ምሳ የማንበላበት ቀን በዛ፤ እህቴ ስትራብ ታለቅስ ነበር፣ እኔ ደግሞ አንዲት ቃል ብትናገር ኖሮ እያልኩ በልቤ እቆጥርባት ነበር። በዓል ሲመጣ ግን «ሂጂና እዪ» ብላ እኔን ወደ አዳራሹ ትልከኝ ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። እኔ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ከግድግዳው ወዲያ የእናቴ መኪና ሲንተረተር ይሰማኝ ነበር፤ በበዓል መርፌ አይነሣም ያላት ጎረቤት ቢኖርም የቆራጮቹ ሱሪ ለማግስቱ መድረስ ነበረበት። የድራማው ሰዓት ሲደርስ መኪናው ቀጥ አለ፤ እየሰማች መሆኑን አወቅሁ። ድራማው ስኳር ፍለጋ ስለወጣ ሰውዬ ነበር፤ ስኳር ፋብሪካው አፍንጫችን ሥር ሆኖ ለስኳር ስንሰለፍ ለኖርን ለእኛ ነገሩ ቤተኛ ነው። ሰውዬው ረጅም ሰልፍ ያይና ምን እንደሚሸጥ ሳይጠይቅ ከኋላ ይቆማል፤ ሲገፋና ሲጋፋ ውሎ ተራው ሲደርስ ለካ ሰልፉ የክትባት ነው። ነርሷ «እጅጌዎን ይሰብስቡ» ትለዋለች። እሱም ግራ ተጋብቶ «ስኳሩን በእጅጌ ነው እንዴ የምትሰፍሩት?» ይላታል።

ሁለት መቶ ሰው የጓድ በቀለን ጢም አየ። አልተነቃነቀም።

ያኔ በግድግዳው አናት ላይ፣ በጣሪያው ክፍተት በኩል ያ ስቅታ የሚመስል ነገር መጣ፣ ከዚያ ወጣ፣ ከዚያ መመለሻ አጣ። ሳጥኑ አጠገብ የቆሙት አባባ ገመቹ አፋቸውን ሊይዙ ሞከሩና ጋቢያቸው ውስጥ ፈነዱ፤ ከእሳቸው ቀጥሎ የሰፈራችን ሴቶች ያሉበት አግዳሚ፣ ከዚያ ኮሚቴው ራሱ ሳይቀር አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ጓድ በቀለ ተነሥተው ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ እናቴ ግን የተከለከለችው አዳራሹን እንጂ ቤቷን አይደለም። «ይዘጋ» አሉ። አባባ ገመቹ «እሺ፣ እሺ፣ ቁልፉን እየፈለግሁ ነው» እያሉ ጋቢያቸውን ሲያገላብጡ፣ ኪሳቸውን ሲዳብሱ፣ አግዳሚ ሥር ሲያጎነብሱ፣ ድራማው እስከ መጨረሻው ድረስ ታየ። እኔ ከጎናቸው ነበርኩና ቁልፉን መዳፋቸው ውስጥ አይቼዋለሁ።

ዕንባዬ እየወረደ እየሳቅሁ ቤት ስገባ እናቴ መርፌ ላይ ክር ታስገባ ነበር። እንዴት አየሽው አልኳት። «ልኩ ነው» አለች። ቂሜ የወጣልኝ በዚያ ቀን ነው፤ ጫማውን ግን አላገኘሁም፣ የዩኒፎርም ሥራም ከዚያ በኋላ ወደ እኛ ቤት አልመጣም። ክረምቱ ሲገባ ጓድ በቀለ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ፤ ከመሄዳቸው በፊት ጢማቸውን ተላጭተው ነበር። እናቴም መንገድ ላይ አይታቸው ያለ አንዳች ተንኮል «ያምርባቸዋል» አለች። እሷ ሲያምር ያምራል ነው የምትለው።

እናቴ አሁን የለችም። እኔም ሙያዋን ወርሼ ዕድሜዬን የመድረክ ልብስ ስሰፋ ኖሬያለሁ፤ ለዳኝነት የጠሩኝም ለዚሁ ነው። ያን ጊዜ ሰው የሊቀመንበሩን ፊት የሚያየው ምክንያት ስለነበረው ነው፤ የሚነጠቅ ቀለብ፣ ከዚያም የባሰ ነገር ነበረ። ዛሬ ስቱዲዮው ውስጥ ማንም ከማንም ጣቃ አይነጥቅም፤ ከካሜራው ጎን የቆመ አንድ ወጣት ግን እጁን ሲያነሣ ተመልካቹ ይስቃል፣ ሲያወርድ ዝም ይላል። በዚያ የውድድር ዕለት ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ፣ በድራማዋ አስተናጋጅ ሆና የምትጫወት ልጅ፣ የጠረጴዛው እግር መሃል ላይ ሲሰበርባት በጉልበቷ ደግፋ ይዛ፣ እያነከሰችም ቢሆን አንድ ቃል ሳታጎድል ሻይ ስታቀርብ ቆየች። የወጣቱ እጅ አልተነሣም፤ ተመልካቹም እጁን እያየ ጠበቀ። እኔ ሳቅሁ። ሌሎቹ ዳኞች ከአሥር አራትና አምስት ሲሰጧት ዘጠኝ ሰጠኋት፤ አስተዋዋቂው ማይኩን ወደ እኔ አስጠግቶ «ብቻዎን ሳቁ፣ ዘጠኝም ሰጡ፤ ምን ይላሉ?» አለኝ።

«ብቻዬን መሳቄ እውነት ነው፣ ቅር ያለኝም እሱ ነው» አልኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ወንበሬ ላይ ሌላ ዳኛ ነበር። እኔ አዳማ፣ በድሮዋ ናዝሬት፣ ቤቴ ሆኜ በቴሌቪዥን አየሁት፤ ከግድግዳው ወዲያ ማን እንደሚኖር አላውቅም፣ ዛሬ ጎረቤት እንደ ድሮው አይተዋወቅም፣ ግን የሚያስቀው ቦታ ሲደርስ ድምፄን ሳልቀንስ ሳቅሁ።